«ሞቷል» ካልክ ሬሳውን ለምን ፈለግከው?

ዛሬ ካልተነፈስኩ አልችልም። ታፍኜ ከርሜያለሁ። የሊቲየም ባትሪ እንኳን ከልኩ በላይ ሲሞሉት ይጋያል፣ እኔ ደግሞ ሰው ነኝ።

ነገሩ የኤሌክትሪክ ሳይክሌ ነው። የታክሲ ሰልፍ አንገፍግፎኝ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛኋት፣ ባትሪዋ 48 ቮልት፣ 10 አምፒር-ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው)። ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ፣ ቤቴ ሽሮ ሜዳ። ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ ፍሬን ካለህ ባትሪ አትፈልግም። ማታ ግን ከስድስት ኪሎ በላይ ያለው ዳገት አለ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከሦስት ወር በፊት እዚያው ዳገት ላይ ድርግም አለች። ስክሪኑ ላይ ከአምስቱ መስመር ሦስቱ ቁጭ ብለው እያየኋቸው! አምስት ደቂቃ አሳርፌ ሳበራት ተነሳች፣ ሃምሳ ሜትር ሄዳ ደግሞ ድርግም። ከዚያ በኋላ ያለው መግፋት ነው። 25 ኪሎ ብረት፣ ዳገት ላይ፣ በሥራ ጫማ። የሰፈሩ ልጆች «ግፋ በለው!» እያሉ አጀቡኝ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔስ ሸክሜን ቁልቁል ነው የምወስደው» አሉኝ። ምን ይባላል? ዝም ብዬ ገፋሁ።

እንግዲህ ወደ ጥገና። የመጀመሪያው ባለሙያ ቴስተሩን ከባትሪው መውጫ ላይ አሳረፈና 53.9 አነበበ። «ባትሪህ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ነው የታመመው» አለኝ። ሁለተኛው ካቻቪቴ እንኳን አላነሳም። ባትሪውን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ «ይሄ ሞቷል፣ አዲስ 45 ሺህ ብር ነው። ለአንተ ብዬ የሞተውን በ3 ሺህ እይዝልሃለሁ» አለ። ይቺን 3 ሺህ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሦስተኛው ትንሽ ያወቀ መሰለኝ፦ «ሳይነቀል አሳድረው፣ ራሱን ያስተካክላል።»

አሳደርኩት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። በማግስቱም አሳደርኩት፣ ያን ቀን ደግሞ ቀደም ብሎ ሄደ።

ከዚያ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ፣ ብሶቴም ከዚያ ወዲህ ባሰ። ባትሪ የምንለው ሳጥን ውስጡ አንድ ነገር አይደለም። 52 ትናንሽ ሴሎች አሉ፣ እያንዳንዱ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። አራት አራት እየሆኑ ጎን ለጎን ይታሰሩና አንድ ቡድን ይሆናሉ፣ አሥራ ሦስቱ ቡድን ደግሞ በተርታ ይያያዛል። አንዱ ቡድን ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ በ13 ስታባዙት 54.6። 48 የሚባለው ስሙ ነው፣ ሙሉው ይሄ ነው።

ዕቁብ በሉት። አሥራ ሦስት አባል፣ አንድ ዳኛ። ዳኛው ቢኤምኤስ የሚሉት ቦርድ ነው። ሥራው አሥራ ሦስቱንም ማየት ነው፦ አንዱ ከመጠን በታች ከወረደ «መክፈል አቁሙ» ይላል፣ አንዱ ከመጠን በላይ ከሞላ «መቀበል አቁሙ» ይላል። አሥራ ሁለቱ ኪሳቸው ሙሉ ቢሆን አይሰማም፣ በአንዱ የተነሳ ዕቁቡ ይዘጋል። የእኔዋም ሳይክል ዳገት ላይ የምትጠፋው ለዚህ ነበር። መስመሮቹ የሚያሳዩት ድምሩን ነው፣ ድምሩ ደግሞ ይዋሻል።

ቅዳሜ ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀለበቴን አወለቅኩ። ብረት ሁለት ጫፍ ካገናኘ ጣት ይዞ ነው የሚቀልጠው። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቀለበት ደግሞ ለምን ይወልቃል?» አለች። ስለ ሾርት ሰርኪዩት ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት፣ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ከሴሎቹ ወደ ቦርዱ የሚሄዱ 14 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቴስተሩን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያሳለፍክ ስትለካ የእያንዳንዱን ቡድን ቮልት ታነባለህ። ሙያው ይሄው ነው! 13 ጊዜ መንካት፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። 4.19፣ 4.19፣ 4.19፣ ... ሰባተኛው 3.58። ከዚያ በኋላ እንደገና 4.19 እስከ መጨረሻው። ደምሩት፣ ያው 53.9 ነው። ሰውየው «ሙሉ ነው» ያለው ይሄንን ነው። ከ54.6 የጎደለችው 0.7 ለእሱ ኢምንት ነበረች። እኔን ግን ለወራት ያስገፋችኝ እሷ ናት።

ቻርጀሩ ለምን ቶሎ አረንጓዴ እንደሚሆንም ያን ቀን ገባኝ። ቻርጀሩ 54.6 ለመሙላት ይገፋል። ሰባተኛው 3.6 ላይ ከተገተረ የእሱን ድርሻ አሥራ ሁለቱ ይከፋፈሉትና እያንዳንዳቸው 4.25 ይደርሳሉ። ዳኛው «በቃ!» ብሎ ይዘጋል። አረንጓዴ። እኔም ደስ ብሎኝ እነቅላለሁ።

«አሳድረው» ያለኝ ሰውስ? ሐሳቡ ስህተት አይደለም፣ ሂሳቡ ነው የጎደለው። ቦርዱ ዝቅ ያለውን አይሞላም፣ ከፍ ያሉትን ነው ቀስ እያለ የሚያፈስሰው። የሚያፈስሰውም 50 ሚሊአምፒር (0.05 አምፒር) አካባቢ ነው፣ ጠብታ በሉት። የእኔ ጉድለት በግምት 5 አምፒር-ሰዓት ነበር። 5 በ0.05 ሲካፈል መቶ ሰዓት! መቶ ሰዓት መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ቤት ልከራይ።

ስለዚህ ሰባተኛውን ለብቻው ሞላሁት። የአንድ ሴል መሙያ ትንሽ ሞጁል አለች፣ በስልክ ቻርጀር የምትሠራ፣ 4.2 ላይ ራሷ የምታቆም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ከዓይኔ ሳላርቅ፣ በየሰዓቱ እየለካሁ። (ጥላችሁት እንዳትተኙ፣ እቃው የእሳት ዘመድ ነው። ከ2.5 በታች ወርዶ የቆየ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሙሉት።) በመሃል መብራት ሄደ፣ እንዴት ይቀራል! በልጄ ፓወር ባንክ ጨረስኩት።

አሁን አሥራ ሦስቱም እኩል ሆኑ። ጥያቄው ግን ሰባተኛው ለምን ወደቀ የሚለው ነው። ሴሉ አርጅቶ ነው ወይስ የሚጠጣው አለ? ሽቦዎቹን ከቦርዱ ነቅዬ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ሰባተኛው ከ4.18 ወደ 4.17፣ እንደ ወንድሞቹ። መልሼ ቦርዱ ላይ ሰካሁትና ሌላ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ወንድሞቹ ባሉበት፣ እሱ 4.05።

ሌባው ዳኛው ነበር! ከሰባተኛው አባል ኪስ ቀን ከሌት ቀስ እያለ ሲያወጣ ከርሞ፣ ማታ ዳገት ላይ «ይሄ ሰውዬ መክፈል አልቻለም» ብሎ ዕቁቡን ይዘጋል። እንዲህ ያለ ድፍረት በሰውም አላየሁ። በቦርዱ ላይ ያቺ ሰባተኛዋን የምታፈስስ ቧንቧ አልዘጋ ብላ ኖሯል፣ 52ቱ ሴሎች ጤነኞች ናቸው።

አዲስ ቦርድ 3,200 ብር። ሽቦውን በቅደም ተከተል ማሰር ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ አንዷ ቦታ ብትቀያየር ቦርዱ ይቃጠላል ስለተባልኩ እያንዳንዷን ናስትሮ ለጥፌ ቁጥር ጻፍኩባት። ካለፈው ወር ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ድረስ አንድም ቀን አልጠፋችም። ልጆቹ «ግፋ በለው» የሚሉት ሰው አጥተዋል።

አሁን ወደ 3 ሺህዋ። 45 ሺህ አንድ ጊዜ የሚወጣበት ቤት ስንት ነው? ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ቢሆን ተበድሮ ይገዛ ነበር፣ «የሞተውንም» አስረክቦ ይሄድ ነበር። አለማወቅ ነው እንዳልል፣ የማያውቅ ሰው ለሞተ ነገር 3 ሺህ አይከፍልም። ሞቷል ካልክ ሬሳውን ለምን ፈለግከው?

ደግሞ አልተወኝም። ትናንት ማታ በቴሌግራም «ወንድም እንዴት ነህ፣ ያቺ የሞተች ባትሪ አሁንም አለች? 4 ሺህ ላድርግልህ» ብሎ ጻፈልኝ። የአሥራ ሦስቱን ንባብ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

አይቶታል። እስካሁን መልስ የለም።