የሴሊካው በር

የጎረቤታችን ልጅ አሮጌ ሴሊካ መኪናውን ከውጭ ድምፅ ሊከላከል ከተነሣ ወዲህ በጎንደሩ ሰፈራችን ጸጥታ ብርቅ ሆኗል። በሮቹን ፈትቶ መልሶ ከገጠማቸው ጀምሮ፣ ከፒያሳ ሲመለስ መምጣቱን የምናውቀው ገና ኮብልስቶኑ ላይ ሳይወጣ ነው፤ የጎማና የነፋስ ድምፅ እንዳይገባባት ብሎ ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰባትን መኪና ሁለቱንም መስኮቶች እስከ መጨረሻው አውርዶ፣ ሙዚቃውን እያስጮኸ ይነዳታልና። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሲዘጋ ይሞቃል» አለኝ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ቆላው መተማ ያለን አስመሰለው።

መኪናዋን አልወቅስም። ቶዮታ ሴሊካን በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ባለ ሁለት በር፣ ቀልጠፍ ያለች መኪና እንጂ የጸሎት ቤት አልነበረም፤ የስፖርት መኪና ዋና ጠላቱም ክብደት ነው። የውጭን ድምፅ በማገድ ረገድ ግን ዋናው ወዳጅ ይኸው ክብደት ሆኖ ተገኘ። አንድ ግድግዳ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ከፍ ይላል። ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥታቸውን በድንጋይና በኖራ ሲያስገነቡ ዲሲቤል የሚባል ነገር ሳይሰሙ ሕጉን ፈጽመውታል። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ የበር ቆርቆሮ ግን በምን አቅሙ ግንብ ይሆናል?

ልጁ ግንብ ሊያደርገው ቆርጧል። ጀርባው አልሙኒየም የሆነውን የቡቲል፣ ማለትም እንደ ጎማ ያለ ተለጣፊ ነገር፣ ንጣፍ ገዝቶ በሩን፣ ወለሉንና ጣሪያውን ቀዳዳ ሳያስቀር ለበጠው። የዚህ ንጣፍ ሥራ ድምፅ ማገድ ሳይሆን ቆርቆሮው እንዳይንቀጠቀጥ መያዝ ነው፤ የአዝማሪው ማሲንቆ ቆዳ ላይ እርጥብ ጨርቅ ቢለጠፍ ዜማው ታፍኖ እንደሚቀር ማለት ነው። ለዚህም የቆርቆሮውን ሩቡን ያህል መሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ለመኪናዋ ክብደት፣ ለሻጩ ደግሞ ትርፍ ነው። ያም ሆኖ ልጁ እውነተኛውን ቡቲል በመግዛቱ አመስግኜዋለሁ፤ የጣሪያ ሬንጅ ንጣፍ «ያው አንድ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉና፣ ያ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ መኪናውንም የአስፋልት ሥራ ሽታ ያሸታል።

«ያው አንድ ነው» የሚለውን ነገር ካነሣሁ ዘንድ የቆየ ቂሜን ሳልናገር አላልፍም። ከቤቴ ጀርባ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠን ቆይቶ ጠዋት አቤቱታ ይዘን ስንሄድ፣ ባለቤቱ ግድግዳው ላይ ወደ ደረደረው የእንቁላል ካርቶን በኩራት እያመለከተ፣ «ድምፅ አይወጣም፣ ካርቶን ለጥፈናል» ይለን ነበር። የእንቁላል ካርቶን ቢበዛ በክፍሉ ውስጥ የቀጫጭን ድምፆችን ነጸብራቅ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቤዝ፣ ያን ወፍራሙን ድምፅ፣ አያግድም፤ እንዲያ ያለ ክብደት የለውምና። ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ የታመመች አሮጊት፣ ሕፃን የታቀፈች እናት በዚያ ሰፈር ሲኖሩ ካርቶን እየጠቆሙ መሣለቅ ለእኔ አላዋቂነት አይደለም፤ ንቀት ነው። ዛሬም ቁርሴን እንቁላል ሳደርግ ሰውየው ይታወሰኛል።

ወደ ሴሊካው በር ልመለስ። ድምፅ ማጉያ ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከጀርባውም ድምፅ ይወረውራል፤ የሁለቱ አቅጣጫ ተቃራኒ በመሆኑ በበሩ ውስጠኛ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች በኩል ከተገናኙ ቤዙን እርስ በርሳቸው ያጠፋፉታል። ልጁ እነዚያን ቀዳዳዎች በመድፈኑና ድምፅ ማጉያውን በጠንካራ ቀለበት ላይ አጥብቆ በማሰሩ ቤዙ ቢበረታ አያስደንቅም። አስቀድሞ ግን የአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ተገላብጦ ስለነበር ቤዙ ጠፍቶ ሲጨነቅ ከርሟል። ያኔ የተገላበጠውን ሽቦ ከማየት ይልቅ ትልቅ አምፕሊፋየር ሊገዛ ነበር፤ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ መሆኑን የሚነግረው ጓደኛ አላገኘም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት ከምወድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጥሩ ድምፅ የሰማ ሁሉ ባለሙያ ሆኖ ይወርዳል።

መስኮቱን በተመለከተ ግን ይህ ሁሉ ቡቲል ምንም አይፈይድም። ያረጀውን የበር ጎማ ብቻ ቀይሮ መስኮቱን ቢዘጋ ኖሮ እሱም ያለ ነፋስ፣ እኛም ያለ ቤዝ እናመሽ ነበር። ይህን ልነግረው ትናንት ማታ ወጥቼ ነበር፤ «እንኳን መጡ» አለኝ በደስታ፣ «እስቲ ጋሼ፣ ከማዶ ካለው አጥር ሥር ቆመው ቤዙ ይደርስ እንደሆነ ይስሙልኝ።»