አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን ያልተሞከሩበት ከርነል

የሊኑክስ ከርነልን፣ ማለትም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ውስጥ ፕሮግራሞችን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘውን እምብርት፣ በሚሠሩና በሚጠቀሙ ሰዎች መካከል አንድ ክርክር ሳይቋጭ ዓመታት አልፈዋል። አንደኛው ወገን ከርነሉ ከልክ በላይ እየሮጠ ነው፤ አዲስ ነገር መጨመሩ ለጊዜው ይቁምና ያሉት ስሕተቶች ብቻ የሚታረሙበት አንድ ዙር ይኑር ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ለውጦች በትንንሹና ቶሎ ቶሎ ሲገቡ ስሕተታቸው ወዲያው ይታያል፤ ተጠራቅመው ሲገቡ ግን የትኛው ምን እንዳበላሸ መለየት ይከብዳል ሲል ይመልሳል። በጅማ የትምህርት ቤቶችንና የቢሮዎችን ኮምፒውተሮች እየጠገንኩ ስለምተዳደር ክርክሩ በቀጥታ ይመለከተኛል። የእኔ አቋም ግን ከሁለቱም ይለያል። የከርነሉን ጽኑነት ከፍጥነቱ ይልቅ የሚወስነው፣ አዲሱ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት የተሞከረባቸው ማሽኖች ዓይነት ነው። እኛ የምንጠቀምባቸው ማሽኖች ደግሞ በሙከራው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል።

አዲስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዳዲስ ለውጦች ይገባሉ፤ በቀሩት ሳምንታት ደግሞ ባለሙያዎቹ አርሲ የሚሉት የሙከራ ቨርዥን በየእሑዱ እየወጣ ስሕተት ይለቀማል። በአንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 በላይ ለውጦች ይገባሉ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስና አብረውት የሚሠሩት ሰዎች የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆኑ ይህን ሁሉ በንባብ ብቻ ሊያጣሩት አይችሉም። ከኮዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር፣ ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ የሚያሠራው ክፍል ነው፤ ዕቃው በእጁ የሌለ ሰው ደግሞ የዕቃው ድራይቨር በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ይህን ከሁሉም ቀድሞ በግልጽ የተናገረው አንድሪው ሞርተን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006፣ የ2.6 ከርነል ዋና ጠባቂ በነበረበት ጊዜ፣ ስሕተቱ ከሚታረመው በላይ እየተጨመረ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ በተለይ እኛን የሚነካ ነው፤ አብዛኞቹን የከርነል ባለሙያዎች የሚቀጥሯቸው ኩባንያዎች ስለሆኑ፣ ማንም የማይሸጠውን የአምስት ዓመት ዕቃ ለመጠገን የሚከፍል የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ሲዝቦት የተባለው ሥርዓት ቀን ከሌሊት ከርነሉን ፕሮግራሞች በሚያቀርቡለት ዓይነት የዘፈቀደ ጥያቄዎች እየፈተነ ብዙ ስሕተቶችን አጋልጧል። ነገር ግን ሲዝቦት በዋነኝነት የሚሠራው በምናባዊ ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር በተመሰሉ ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ስላለ የኔትወርክ ካርድ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጅማ ውስጥ ደግሞ በእጃችን ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሲያቆም፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች የቀራቸው መጠጊያ ሊኑክስ ሆኗል። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃ ድራይቨር መበላሸት እዚህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ሙሉ የኮምፒውተር ክፍል ሊዘጋ ይችላል።

ዝግታ ብቻውን እንደማያድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ታይቷል። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከተመረጡት አንዱ በሆነው 6.1 ከርነል ላይ፣ በ6.1.64፣ ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን ሥርዓት፣ ኤክስት 4ን፣ የሚመለከት አንድ ማስተካከያ ከአዲሱ ከርነል ተወስዶ ገባ፤ አብሮት ሊመጣ የሚገባው ሌላ ለውጥ ግን ሳይመጣ ቀረ። በዚህም የተነሣ በተወሰኑ ሁኔታዎች የፋይል ይዘት ይበላሽ ጀመር። ሊኑክስን አዘጋጅተው ከሚያሠራጩት አንዱ የሆነው ዴቢያን 12.3 የተባለውን ቨርዥኑን ሊያወጣ ከጫፍ ደርሶ አስቆመውና በምትኩ 12.4ን አወጣ። ይህ የደረሰው ጥንቁቅ ሰው በሚመርጠው፣ አዲስ ነገር በማይጨመርበት ከርነል ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ማስተካከያዎች ከመውጣታቸው በፊት ለሙከራ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ በነዚያ ሁለት ቀናት የሚሞክር ሰው ካነሰ ዝግታው ፋይዳ የለውም።

የመብራት ጉዳይም አለ። ኤክስት 4 ገና አዲስ በነበረበት በ2009 እ.ኤ.አ.፣ መረጃውን ወደ ዲስክ ለመጻፍ ከቀዳሚው ከኤክስት 3 ይልቅ ስለሚዘገይ፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ በቅርቡ የተጻፉ ፋይሎች ባዶ ሆነው ይገኙ ነበር። የፋይል ሥርዓቱ ዋና ጠባቂ ቴድ ሶ ጥፋቱ መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን የማያረጋግጡ ፕሮግራሞች እንደሆነ አስረዳ፤ ያም ሆኖ እነዚያኑ ፕሮግራሞች የሚታደግ ማስተካከያ በ2.6.30 አስገባ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ በቆየበት ክፍል ውስጥ መብራት ሲሄድ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቁ የተማሪውን ሥራ አይመልስለትም። መብራት በማይጠፋበት አገር የተቀመጠ ባለሙያ ብዙም የማይገጥመው ፈተና እዚህ የዘወትር ጉዳይ ነው፤ ከዚህ የሚገኘው መረጃም ለከርነሉ ይጠቅማል።

ቶርቫልድስ አጥብቆ የሚይዘው አንድ ሕግ አለ፤ ትናንት ሲሠራ የነበረን ነገር ያበላሸ ለውጥ ወይ ይስተካከላል ወይ ይነሣል። ይህ ሕግ ለአሮጌ ዕቃ ባለቤት ትልቅ ዋስትና ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የሚያመለክት ሰው ሲኖር ነው። እኛ ከርነሉን የምናገኘው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን በኩል ነው። ያኔ ስሕተት ብናገኝ ለውጡን የጻፈው ሰው ወደ ሌላ ሥራ አልፏል፤ በለውጡ ላይም ሌሎች ብዙ ለውጦች ተደራርበዋል።

ስለዚህ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለው የጅማ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአርሲ ሙከራን የተማሪዎች ቋሚ ሥራ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ተማሪዎቹ ወደ ማኅበረሰቡ ወርደው በሚማሩበት ሥርዓት ነው፤ የጤና ተማሪዎች ወደየቀበሌው እንደሚወርዱ ሁሉ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ወደየትምህርት ቤቱ ወርደው እዚያ ያሉትን ማሽኖች ቢፈትኑ ከዩኒቨርሲቲው ባሕርይ ጋር የሚሄድ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሙሉ የምንጭ ኮዱን ከነታሪኩ አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የተጨመረውን ብቻ ማምጣት ይቻላል። ለማሽኑ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ መርጦ መገንባት የሰዓታቱን ሥራ በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ ግንባታውን በአንድ ጠንካራ ማሽን ላይ አከናውኖ ውጤቱን ወደ አሮጌው መውሰድም ይቻላል። ስሕተት ያመጣውን ለውጥ የሚፈልገው ጊት ባይሴክት የተባለ መሣሪያ ለውጦቹን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ ስለሚፈልግ፣ ከ10,000 ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን በ14 ዙር ገደማ ይለየዋል። ለውጡን በስሙ የሚጠቅስ ሪፖርት ደግሞ ከጅማ ቢመጣም ከየትም ቢመጣ ባለሙያው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

ሙከራው የተማሪ ውጤት ወይም የቢሮ ሰነድ ባለበት ዲስክ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ቶርቫልድስ የ5.12ን የመጀመሪያ አርሲ ማንም እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቆ፣ ስሙ ላይ ሳይቀር አትጠቀሙ የሚል ምልክት ጨምሮበታል፤ ስዋፕ ፋይል፣ ማለትም ሜሞሪ ሲያንስ በዲስክ ላይ የሚተካውን ፋይል፣ በሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ ከርነሉ የዲስኩን ይዘት ሊደመስስ ይችል ነበርና። ለሙከራ የተመደበው ማሽን የራሱ የተለየ ሃርድ ዲስክ ይኑረው፤ ከአገልግሎት ከወጡ ኮምፒውተሮች የተነቀለ አሮጌ ዲስክ ለዚህ ይበቃል።