ጥፋተኛው ከውጭ ነው

ሰውዬው በሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። እንደዘረጋም ቀረ። ከመካከል አንዲት ትንሽ ክብ ብቅ ብላ መሽከርከር ጀመረች። እኛም አምስት ሆነን ሶፋው ላይ ተደርድረን ፊልሙን ትተን ክቧን ማየት ጀመርን። ከበሩ ኋላ ማን እንዳለ ለማወቅ ስንሞክር ይህ ሦስተኛ ምሽታችን ነው።

የፊልም መቋረጥ የቤተሰብን ጠባይ ያወጣል። አማቴ “አንቴናውን ወደ መስኮት አዙሩት” ይላሉ፤ የቤቱን መሣሪያዎች እርስ በርስም ከኢንተርኔትም የሚያገናኘው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ አንቴና እንደሌለው ብነግራቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። የባለቤቴ ወንድም “አጥፍታችሁ አብሩት” ይላል፤ ይህ ሰው ለሕመምም ለትዳርም የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። እኔ ግን ኔትወርኩን የዘረጋሁት ሰው እንደመሆኔ ጥፋተኛውን ለማወቅ አፍታም አልፈጀብኝ። ኢንተርኔት የሚያቀርብልን ድርጅት ነው! ስልክ አንሥቼ በትሕትና የጀመርኩት ንግግር በአራተኛው ደቂቃ የመብት ጥያቄ ሆነ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሠራተኛ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ “ፊልሙ የሚመጣው ከየት ነው ጌታዬ?”

ከየት ነው የሚመጣው? ከልጄ መኝታ ክፍል! እዚያ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፊልም ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል እንጂ ከደጃፋችን አይወጣም። የኢንተርኔቱ መስመር ከነጭራሹ ቢበጠስ እንኳን እኛ ፊልማችንን ማየት ነበረብን። “አጣርቼ እደውላለሁ” ብዬ ዘጋሁ። ለቤተሰቡ ግን “ጥፋታቸውን ማመን አቃታቸው” አልኳቸው።

ጠላት ከውጭ ከጠፋ ከውስጥ ይፈለጋል። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የቆየው የዋይፋይ ሞገድም 2.4 ላይ ስለሆነ ምድጃው ሲበራ ዋይፋዩ ሊታወክ ይችላል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ምድጃውን የሚጠቀምበት ባለቤቴ ናትና። ለሦስት ቀን ምድጃው ታገደ። ቀዝቃዛ እራት እየበላን ፊልሙ ተቋረጠ።

ቀጥሎ ጎረቤቶች ተጠረጠሩ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ቁጥር ቻናሎች፣ ማለትም ሞገዱ የተከፋፈለባቸው መስመሮች፣ ናቸው። በስልኬ ብመለከት የሰፈሩ ራውተር ሁሉ 6 ቁጥር ላይ ተፋፍጎ ይጯጯሃል። ስለዚህ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ተሰደድን። ይህኛው ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ግድግዳ ግን ይፈራል። ከቻናሎቹም ገሚሱን ከራዳር ጋር ስለሚጋራ፣ ራውተሩ የራዳር ምልክት የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቆ መሄድ ግዴታው ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ምሽት የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያዎችን ስረግም አመሸሁ።

በመጨረሻ ገመድ ዘረጋሁ። ምክንያቱ ደካማ አልነበረም። ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ሲገናኙ እያንዳንዱ ምስል አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ። ዋይፋይ ደግሞ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ስብሰባ ነው። ገመዱ በኮሪደሩ ላይ ተጋደመ፤ አማቴ ሁለት ጊዜ ተደናቀፉበት። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ለ10 ሜጋቢት ፊልም! ዝሆን ለማሳለፍ በተሠራ በር ጉንዳን እንደማስገባት ነው። እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው እጁን ዘረጋ። ክቧ መጣች።

ያን ጊዜ ባለቤቴ፣ ከምድጃው እገዳ ወዲህ ከኔትወርኩ ጉዳይ ራሷን አግልላ የነበረችው ሴት፣ “የሚቋረጥበትን ሰዓት ብትጽፈው ምን ነበረበት?” አለች። እኔ አልጻፍኩም፤ እሷ ጻፈች። በሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻዋን ዘረጋችልኝ። ዓርብ ምሽት ፊልሙ ተቋርጦ አያውቅም። በሌሎቹ ቀኖች የሚቋረጠው ልጃችን የቤት ሥራውን በሚያትምበት ሰዓት ነው።

ፕሪንተር ከፊልም ጋር ምን አገናኘው? ብዬ ልከራከር ነበር። ብቻ ፒንግ የሚባለውን መሣሪያ ከፍቼ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ደጋግሜ ጠራሁ። ሁለቱም ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ “አቤት” ይላሉ። ልጁ ፕሪንተሩን አበራ። ራውተሩ “አቤት” ማለቱን ቀጠለ፤ ኮምፒውተሩ ጋ ስደርስ ግን ጥሪዬ አንዴ ይመለሳል፣ አንዴ የውሃ ሽታ ይሆናል። ወደ ልጁ ክፍል ስሮጥ ኮምፒውተሩ ላይ የአድራሻ ግጭት መኖሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ አገኘሁት።

“ይህ መቼ ነው የሚመጣው?” አልኩት።

“ሁልጊዜ ነው አባዬ። እሺ የሚለውን እጫነዋለሁ፣ ይሄዳል።”

አድራሻ ማለት እያንዳንዱ መሣሪያ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚጠራበት የራሱ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ ግን አንድ አድራሻ ይዘዋል፤ 192.168.1.50፣ ባጭሩ 50 ቁጥር። ቴሌቪዥኑ “50 ቁጥር ማን ነው?” ብሎ ሲጠይቅ ኮምፒውተሩም “እኔ ነኝ” ይላል፣ ፕሪንተሩም “እኔ ነኝ” ይላል። ቴሌቪዥናችን እንግዲህ ሰውዬው በሩን ከከፈተ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ ሌት ከቀን ሲማጠን የኖረው ፕሪንተሩን ነው።

አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ የእኛው ከ2 እስከ 200 ያሉትን ቁጥሮች ያድላል። ፕሪንተሩ 50 ቁጥርን በሕጋዊ መንገድ ከራውተሩ ተቀብሏል። ኮምፒውተሩ ግን ከራውተሩ አልተቀበለም፤ አንድ ሰው በእጁ ጽፎ ሰጥቶታል። ራውተሩን ገልብጬ ሳየው ከሥሩ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ “ኮምፒውተር 50። ማንም እንዳይነካ” ትላለች። ጽሑፉን አወቅሁት፤ ጎበጥ ያለችውን “እ” እንደዚያ የምጽፍ እኔ ብቻ ነኝ።

የኮምፒውተሩን ቁጥር ከራውተሩ እደላ ውጭ ወዳለው 210 ቀየርኩት። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወደ ሳሎን ስመለስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“ታዲያ ጥፋተኛው ማን ሆነ?” አለች ባለቤቴ።

“ፕሪንተሩ” አልኳት፤ ወረቀቷን አራት ቦታ አጣጥፌ ኪሴ እየከተትኩ።

ሰውዬው እጁን ዘረጋ፤ በሩም ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።