በየትኛው «ሀ»?

በወርቅ ቤት ቀለበት በኮምፒውተር እየነደፍኩ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ዛሬ «ልጁ ገና እየለመደ ነው» ተባልኩ። ያለው ደግሞ ደንበኛ አይደለም፤ አለቃዬ ነው። ቀለበት ላዘዙን ሴትዮ ማኪያቶ አዝዞላቸው፣ የእኔን ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

ነገሩ ያው የሴትዮዋ ቀለበት ጉዳይ ነው። «ሀይለሚካኤል» የሚል የሙሽራው ስም፣ በሙሽሪት ቀለበት የውስጥ ገጽ ላይ፣ ከሰርጉ ቀን ጋር፣ ከወንጌል አንድ ሙሉ ጥቅስ ጋር። ቀለበቱ የውስጥ ስፋቱ 17 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 53 ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ስብከት አይጻፍም! ጥቅሱን ለማስቀረት ብቻ ግማሽ ቀን ስለምናቸው ዋልኩ።

የምነድፍበት ሶፍትዌር ደግሞ አለላችሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህ ፕሮግራም ግን ዛሬም ባዶ ሳጥን ይደረድርልኛል። ፎንት ስቀይርለት የፊደሎቹ መስመር እርስ በርሱ ይቆራረጥና ቀለበቱ ላይ አልቀረጽ ይላል። አንድ በአንድ በእጄ አቃናሁት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።

የፊደሉ ቁመት 1.5 ሚሊሜትር ነው። «ኤ» እግር ላይ ያለችውን ቀለበት እስቲ አስቧት። መጀመሪያ የቀለበቱ የሰም ቅርጽ ሲታተም ትንሽ ትደፈናለች፣ በሰሙ ቦታ ወርቁ ሲፈስ ትንሽ፣ የቀረውን ፖሊሽ ይጨርሰዋል። ያልተጠነቀቀ ሰው ሚካኤልን «ሚካኢል» አድርጎ ያወጣል። ስለዚህ የፊደሏን ቀለበት ከልኳ በላይ አሰፋኋት፤ የጽሑፉን ጥልቀት 0.3 ሚሊሜትር አደረስኩት። (እባካችሁ ስለ ሰምና ወርቅ እንዳትቀልዱብኝ። በቀን ሦስት ጊዜ እሰማለሁ።)

ያለቀውን ቀለበት ሳሳያቸው ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህ የትኛው ሀ ነው?»

«ሃሌታው ነው እናቴ፤ እርስዎ የላኩልኝ።»

«ኃይል በብዙኃኑ ኃ ነው የሚጻፈው! አልተማርክም?»

መልእክታቸውን አውጥቼ አሳየኋቸው። «እሱንማ የጻፈው ስልኩ ነው» አሉ። እሺ። የእጅ ዋጋ ስነግራቸው ያሉት ምን ነበር? «የጻፈው ኮምፒውተሩ አይደለም እንዴ? አንተ ምን ሠራህና?» እንግዲያው ስሕተቱም የኮምፒውተሩ ነዋ ብል፣ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብለው ወደ አለቃዬ ዞሩ። ክፍያ ሲሆን ሥራው የኮምፒውተሩ፣ ጥፋት ሲሆን የእኔ!

ባለፈው ወር ደግሞ የማኅተም ቀለበት ያሠራው ሰውዬ «ፊደሉ ተገልብጧል» ብሎ ሱቁን በጩኸት ሞላው። ማኅተም እኮ ነው! ሲያርፍ እንዲቃና ነው የሚገለበጠው። ሰም ላይ ተጭኜ አሳየሁት። «ጣቴ ላይ እያለስ ማን ያነብልኛል?» አለኝ። ይህኛው፣ እውነት ለመናገር፣ መልስ አጣሁለት።

አሁን ቀለበቱ ይቀልጣል፣ ሰሙ እንደገና ይታተማል፣ እኔም እዚሁ አድራለሁ። ሰርጉ እሑድ ነው። ነገ ደግሞ የሙሽራው ቀለበት ይጠብቀኛል፤ የሙሽሪት ስም ሊጻፍበት። ስሟ ፀሐይ ነው። በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ ብዬ የምጠይቅበት አቅም የለኝም።