ሰረዟን የፈጠረ ይባረክ

በኮምፒውተር ላይ በተከፈተ መስኮት ላይኛ ቀኝ ጥግ ከተደረደሩት ሦስት ቁልፎች መካከል በእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚበዛባት መስኮቱን ወደ ታች የምታወርደው ሰረዟ ናት። ካሬዋን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ኤክሷ የምትታወሰው ማታ፣ ሰርቪስ ሊያመልጠን ሲል ነው። ሰረዟ ግን የአለቃ ጫማ ኮሪደር ላይ ቋ ባለ ቁጥር ትጠራለች። በሩ ሲከፈት የካርታ ጨዋታው ወርዶ፣ ኤክሴሉ ወጥቶ፣ ሁላችንም ግንባራችንን ቋጥረን ሒሳብ ላይ ነን።

ጉዱ ሰረዟ ትደብቃለች እንጂ አታጠፋም። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ታች ታስክባር የሚባል አሳባቂ ተጋድሟል፤ የደበቅነውን ሁሉ ከነስሙ ይደረድራል። አለቃ ዓይኑን ትንሽ ዝቅ ካደረገ "ሶሊቴር" የሚለውን አንብቦ ይወጣል። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ አንድ በአንድ ማውረድ ሰለቸውና የዊንዶውሷን ቁልፍ ከዲ ጋር አንድ ላይ መጫን ለመደ። ሁሉም በአንዴ እልም! አለቃ ሲገባ ሰውየው የዊንዶውስ ኤክስፒን አረንጓዴ ኮረብታ አፍጥጦ ያያል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እያሰብኩ ነው።"

እያሰበ የተገኘ ሠራተኛ ከዚያ በፊት ስላልነበረ ይበልጥ ተጠረጠረ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ በሚባለው የዊንዶውስ አቻ ላይ የሚሠራው የስክሪን ገጽታ፣ ግኖም 3፣ ሲወጣ ሰረዟ ከመስኮቱ ላይ ተነስታ ነበር። ይህን የወሰኑ ሰዎች አለቃ የላቸውም ማለት ነው። ለባለጉዳይ ግን ሰረዝም አያስፈልግ፤ እሱ የሚያየው የስክሪኑን ጀርባ ነው። "ሲስተም የለም" ከተባለ ሲስተም የለም።

ቱልባር የሚባለው የቁልፍ መደዳ ሌላ ጣጣ ነው። የኢንተርኔት ካፌ ዘመን የደረሰ ያስታውሳል፤ በነፃ የወረደ ፕሮግራም ሁሉ ድረ ገጽ በምናይበት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ የራሱን ቱልባር ጭኖ ይሄድ ነበር። እኛም ሳናነብ "ኔክስት፣ ኔክስት" ስለምንል በአንዱ ላይ አንዱ ሲደረብ፣ ገጹ ራሱ የሚታይባት ታች ትንሽ ቦታ ትቀር ነበር። ለእሷም በደቂቃ እንከፍል ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ችግራቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ጠዋት ወርድ ሲከፍቱ ላይኛው የቁልፍ መደዳ የለም።

"ትናንት እዚሁ ነበር! ማድመቂያው፣ ማስመሪያው፣ ምኑ ቅጡ! ሌሊት ነው የወሰዱት።"

የአይቲው ልጅ ተጠራ። ጋሼ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ካልጫኑት የታዘዘ አይመስላቸውም፤ "ሆም" የምትለዋን ሁለቴ ሲጫኗት መደዳው ተሰብስቦ ገብቷል። ልጁም እዚያችው ላይ ሁለቴ ጠቅ አደረገና ሁሉም እንዳለ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ የነኩት።"

"እኔ? ሠላሳ ዓመት መዝገብ ስይዝ አንዲት ወረቀት ጠፍታብኝ አታውቅም!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ማውሱን ነቅለው በኮታቸው ኪስ ይዘውት ይሄዳሉ።