የተረፈ ሰው ዝም አይበል

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ምስጋና የልብ ነው። እግዚአብሔር እንዳዳነህ ለሰው ማውራት ጉራ ይመስላል» አለኝ። ቀና ሰው ስለሆነ በክፉ አላየሁበትም። ግን አልተስማማሁም። ምክንያቴ ደቻቱ ነው።

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ደቻቱን ሲያየው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ረግጦት ያልፋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ መጣ። ሰው ተኝቶ ነበር። ድሬ በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አጣች።

አባቴ በሩን ሊከፍት ታገለ። ውሃው ከውጭ ተጭኖት አልከፈት አለ። እናቴ ቁልቢ ገብርኤልን ጠራች። ክብረ በዓሉ ካለፈ ገና 11 ቀኑ ነበር። ወዲያው ከላያችን ቆርቆሮው ተገነጠለና ሁለት የተቋጠሩ ሽርጦች ወረዱልን። የጎረቤታችን የአባባ ሽርጦች ነበሩ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እህቴን፣ ከዚያ እናቴን ሳቡን። አባቴ በመጨረሻ ወጣ።

እናቴ በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥታ ስለቷን አገባች። ቁልቢ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱ ላይ የማታውቀው ሰው «ስለትህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። አንዷ ስንት ዓመት የለመነችውን ልጅ አዝላለች። ሌላው ከሕመሙ ተነስቶ በእግሩ መጥቷል። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም እልል ይልለታል። ይህን ጉራ የሚለው ማን ነው? ከአሥሩ ለምጻሞች የተመለሰው አንዱም ቢሆን በልቡ ብቻ አላመሰገነም። በታላቅ ድምፅ ነው ያመሰገነው።

የወዳጄ ስጋት ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። አንድ ቀን ማኅበር ላይ እናቴ እንደ ልማዷ «ለእኔ ደረሰልኝ፣ ልጆቼን አተረፈልኝ» እያለች ስታወራ ነበር። ከፊቷ ሁለት ልጆቿን ጎርፉ የወሰደባት ጎረቤታችን ተቀምጣለች። ሲኒውን እንደያዘች ቀረች። ቡናው ቀዘቀዘ። እናቴ አየቻትና ወሬዋን አቋረጠች። የዚያን ዕለት ሌሊት እናቴ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ጎረቤታችንም ጠርታ ነበር እኮ። እኛ ከእሷ በምን በለጥን? መልስ የለኝም። መልስ አለኝ የሚል ሰባኪም አያሳምነኝም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዝም ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። አነጋገሯን ለወጠች። አሁን ስትመሰክር ከሰፈራችን የሞቱትን ስም በመጥራት ትጀምራለች። የእነዚያን ሁለት ልጆች ስም ታስቀድማለች። ቀጥላ የአባባን ሽርጥ ታነሳለች። «ተመስገን» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ጎረቤታችንም አሁን አጠገቧ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

እኔ የምለው ይህንን ነው። «እግዚአብሔር ረዳኝ» ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ አይበቃም። እጁን በማን በኩል እንደዘረጋልህ ተናገር። ከጎንህ የቀረውን ሰው አትዝለለው። ዝም ካልን ግን የአባባ ውለታም፣ የእነዚያ ልጆች ስምም ከእኛ ጋር ይቀበራል። ዛሬ ያንን አሸዋ ረግጦ የሚሻገር ወጣት ስለዚያ ሌሊት ከማን ይስማ?

ባለፈው ሐምሌ 30 ድፎ ዳቦ ይዘን አባባ ቤት ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል። እናቴ «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ» ብላ ስትጀምር አቋረጧት።

«ተይ አቦ! እኔ ሽርጥ ነው ያወረድኩት። ያወጣችሁ አላህ ነው።»

እሷም ስሞቹን መጥራት ጀመረች። አባባ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት። ስትጨርስ የዘነጋችውን አንድ ስም ጨመሩላት።