መጀመሪያ ያተረፈውን ይመልስ፣ ስለ እገዳው ከዚያ እናወራለን

ጊልድ ዋርስ 2 የተሰኘው የኦንላይን ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 መጨረሻ ላይ ነበር። ገና ከመውጣቱ ጉድ ፈላ። በጌሙ ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚሸጡ አንዳንድ ነጋዴዎች ዋጋቸው ተሳስቶ ገብቷል። ብዙ ተለፍቶ በሚጠራቀም ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ በማይረባ ዋጋ ይቸበቸባል። ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። አንዳንዱ አንድ ሁለት ገዝቶ ጨዋታውን ቀጠለ። አንዳንዱ ደግሞ ሥራዬ ብሎ ተያያዘው፤ ይገዛል፣ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይገዛል።

ጌሙን የሠራው አሬናኔት 3,000 ያህል አካውንቶችን ለዘለዓለም አገደ። ነገሩን በመጠኑ የነካኩ ሌሎች 1,000 ያህል ደግሞ ለ72 ሰዓት ታገዱ። ቀጥሎ ኩባንያው አንድ መንገድ ከፈተ። ለዘለዓለም የታገደ ሰው ማመልከቻ ይጻፍ፣ በባጉ (በጌሙ ኮድ ስህተት) ያገኘውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ቃል ይግባ፣ ቅጣቱ ወደ 72 ሰዓት ይወርድለታል። ለሚቀጥለው ግን ምሕረት የለም ተባለ።

እስካሁን ካየኋቸው የዚህ ዓይነት ውሳኔዎች እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቴ የዋህነት አይደለም። ኩባንያው መጀመሪያ የጠየቀው ዋናውን ነገር ስለሆነ ነው፦ ያገኘኸውን መልስ። ስለ እገዳው ርዝመት የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል። ሰውየውን ያባርሩታል፣ የዘረፈው ወርቅ ግን ቀድሞ ለጓደኛው ተላልፎ በገበያው ውስጥ ይዞራል። ሲታይ ከባድ ቅጣት ይመስላል። በሐቅ ለሚጫወተው ሰው ግን የጠቀመው ነገር የለም።

አንድ ነገር እንለይ። ቺት የሚጠቀም ሰውና ባግ የሚጠቀም ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከውጭ ፕሮግራም አምጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ከፍሎ፣ ግድግዳ አሳልፎ የሚያይበትን ወይም በራሱ የሚያነጣጥርለትን ነገር ይጭናል። ሳያውቅ ነው ሊባል አይችልም። ሁለተኛው የተጫወተው ኩባንያው ራሱ በሠራው፣ ራሱ ባወጣው ጌም ነው። በተለመዱት ቁልፎች ነው የተጫወተው። ስህተቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ መቅጣት ከመጀመሪያው የተበላሸ አካሄድ ነው።

ይህን ስል ግን "ጌሙ ከፈቀደልኝ ምን አገባችሁ" ከሚሉት ጋር አይደለሁም። ይህ ክርክር ለብቻው ለሚጫወት ሰው ይሠራል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን በሚጫወተው ጌም ወርቁን በሚሊዮን ቢያባዛ ማንንም አይጎዳም። ኦንላይን ግን ሌላ ነው። አንዱ በባግ ወርቅ ሲያባዛ የገበያው ዋጋ ይንራል። ከሥራ ተመልሶ ማታ ማታ አንድ አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው ወር ሙሉ ያጠራቀመው ምንም የማይገዛ ይሆንበታል። ጉዳቱ ባይታይም አለ።

ይህን ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከጌም ውጭም እናውቀዋለን። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ጀመሩ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ኤቲኤም ጋ ሌሊት ሰልፍ ነበር። ባንኩ በኋላ የጠቀሰው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚያ ሌሊት ነው። ባንኩ ያደረገውን አስታውሱ። በፈቃዱ የመለሰ አይጠየቅም አለ። ቀን ሰጠ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ስምና ፎቶ ወደ መለጠፍ የተሄደው ያልመለሱት ላይ ነው። ፎቶ መለጠፉ ላይ እኔ ጥያቄ አለኝ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን የለኝም። በእርግጥ የባንክ ገንዘብ የሕዝብ ሀብት ነው፣ የጌም ወርቅ ደግሞ የጌም ወርቅ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሲስተሙ የተበላሸው በባለቤቱ ጥፋት ሲሆን፣ የተጠቀመውን ሰው እስከ ምን ድረስ ነው የምንቀጣው?

መልሱ ሰውየው ምን ያውቅ ነበር የሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከባዱም እሱ ነው። ዝነኛውን የኢንሲዲያ ጉዳይ እንየው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን ኦንላይን ጌም የሚጫወተው ኢንሲዲያ የተባለ ቡድን ሊች ኪንግ የተባለውን የመጨረሻ ጠላት በ25 ሰው ከዓለም ቀድሞ ገደለ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ውጊያው የሚካሄደው ከፍታ ላይ ባለ መድረክ ነው። በውጊያው መሀል የመድረኩ ጠርዝ ይፈራርሳል፤ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታትም ተጫዋቾችን አንጠልጥለው ወስደው ገደል ይለቋቸዋል። ከቡድኑ አንዱ ሳሮናይት ቦምብ ይወረውር ነበር። ይህ ቦምብ በየትኛውም ውጊያ የሚወረወር፣ ማንም የማይከለክለው ተራ ዕቃ ነው። እዚህ ግን ባግ ነበረበት። ቦምቡ የፈረሰውን ጠርዝ መልሶ ይገነባዋል። ስለዚህ የሚወድቅ ሰው አይኖርም።

ጌሙን የሠራው ብሊዛርድ ድሉን ሰረዘ፣ ያገኙትን ዕቃ ወሰደ፣ ተጫዋቾቹን ለ72 ሰዓት አገደ። ቡድኑ ሆን ብለን አይደለም ብሎ ተቆጣ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች የያዙት ነገር አለ። ቦምቡን ሲወረውሩ ጥፋት አልሠሩም። መድረኩ ተመልሶ ሲሠራ ግን 25 ሰው አይቶ ዝም ማለቱ ይከብዳል። እንደ እኔ ድሉና ዕቃው መሰረዙ ትክክል ነው። ሆን ብለው ይሁን በአጋጣሚ ለዚህ ለውጥ የለውም፤ ውጊያው እንደተሠራው አልተካሄደምና ድሉ ድል አይባልም። እገዳው ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ማወቃቸውን ያሳየህ እንደሆነ እገድ። ካላሳየህ የወሰድከው ይበቃል። ትርፍን መሰረዝ የማንንም ልብ ማንበብ አይጠይቅም። ማገድ ግን ይጠይቃል። ብዙው ንትርክ የሚመጣው ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ደብዳቤ ስለሚላኩ ነው።

በኢስፖርት፣ ማለትም በባለሙያ ተጫዋቾች የጌም ውድድር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ደመወዝና ሽልማት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ካውንተር ስትራይክ በተባለው የተኩስ ጌም የታየው ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። አሠልጣኝ በውድድር ላይ ማየት የሚፈቀድለት የራሱ ተጫዋቾች የሚያዩትን ብቻ ነው። ባጉ ሲከሰት ግን የአሠልጣኙ ካሜራ ካርታው ላይ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል። ከዚያ ቦታ ሆኖ ባላጋራው በየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ይችላል። ካሜራው አንዳንዴ አሠልጣኙ ምንም ሳያደርግም ይተከላል። ነገሩ የወጣው የድሮ ጨዋታዎች ቅጂ እየተከፈተ ሲታይ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ወደ ኋላ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ኢሲክ በሚል ምህጻር የሚጠራው የኢስፖርት ሥነ ምግባር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 37 አሠልጣኞችን ቀጣ። ቅጣቱ ከጥቂት ወራት ተነስቶ እስከ 36 ወር ይደርሳል። ስንት ጊዜና ለምን ያህል ዙር እንደተጠቀሙ ተቆጠረ። ራሳቸው ቀርበው የተናገሩ ቅናሽ ተደረገላቸው።

ይህን መሰላል እወደዋለሁ። አንድ ዙር ካሜራው የተጣበቀበት ሰውና በጨዋታ ላይ ጨዋታ የባላጋራውን እንቅስቃሴ ሲያይ የከረመ ሰው እኩል አልተዳኙም። ከባዱ ቅጣት ለደጋገመው ነው። አሠልጣኝ ካሜራው ሲበላሽ ከአወዳዳሪው ጋር ለመነጋገር ዕድሉ አለው። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆንበት ዝም ካለ መርጧል ማለት ነው። ለእኔ የማወቅ ማስረጃ ማለት ይህ ነው፤ ድግግሞሽና ዝምታ። የሰውን ልብ ማንበብ አይጠበቅብንም፣ ያደረገውን መቁጠር ይበቃል።

በዚሁ ጌም ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድኑ ድሪምሃክ ዊንተር ውድድር ላይ፣ ፍናቲክ የተባለው ቡድን ኤልዲኤልሲ በተባለው ቡድን 12 ለ3 ሲመራ ቆይቶ 16 ለ13 አሸነፈ። የፍናቲክ ተጫዋቾች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ዓይን የማያየው ጠርዝ ላይ በመውጣት ካርታውን ቁልቁል ያዩ ነበር። አወዳዳሪው ጨዋታው ከመጀመሪያው እንዲደገም ወሰነ፤ ኤልዲኤልሲም ያልተፈቀደ መውጫ ተጠቅሞ ነበርና። ፍናቲክ ራሱን አገለለ፣ ኤልዲኤልሲ ዋንጫውን በላ። ማንም ለወራት አልታገደም። ጨዋታው ይደገም መባሉ ፍትሕ ነበር። ሕጉ በቂ ግልጽ ባልነበረበት ቦታ ከዚያ በላይ መሄድ አይገባም።

ትርፍን መመለስ ሁልጊዜ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ዲያብሎ 3 በተባለው የብሊዛርድ ጌም ላይ ወርቅ የሚያባዛ ባግ ወጣ። የጌሙ ጨረታ ቤት ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብም ይሠራ ነበር። ብሊዛርድ ሰርቨሩን ወደ ኋላ መልሶ ሁሉንም ነገር ከባጉ በፊት ወደነበረበት ማምጣት ይችል ነበር። ያን ቢያደርግ ግን በእነዚያ ሰዓታት በላቡ ብርቅ ዕቃ ያገኘው ምስኪን ሁሉ አብሮ ይነጠቃል። ስለዚህ አካውንት በአካውንት እያየ ለቀመ። የተቀጡት ሰዎች በጨረታ ያገኙትንም ለሕፃናት ሆስፒታሎች ዕርዳታ እንደሚሰጥ አሳወቀ። አድካሚ ሥራ ነው። ግን የጅምላ ቅጣትን ያስቀረው ይህ ድካም ነው። ኩባንያዎች ይህን ሥራ ሲሸሹ ነው ወደ ዘላለማዊ እገዳ የሚሮጡት፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገሉታል።

ዘላለማዊ እገዳ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይከብድም። አዲስ አበባ ውስጥ በዳታ የሚጫወት ልጅ የጌም ገንዘቡን በቴሌግራም ከሚሸጥለት ሰው ነው የሚገዛው። ስልኩን ወንድሙም፣ የጎረቤት ልጅም ይጫወቱበታል። አንዳንድ ጌሞች ደግሞ አካውንቱን ብቻ ሳይሆን ስልኩን ጭምር ያግዳሉ። ያንን ስልክ ነገ በሰከንድ ሃንድ የሚገዛ ሰው ምን አጠፋ? ይግባኝ ማለት ከፈለገም ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፣ መልሱ ማሽን የጻፈው ሁለት መስመር ነው። "ሕጋችንን ጥሰሃል" ይለዋል። የትኛውን ሕግ? መቼ? ምን ሲያደርግ? አይነገረውም። የተቀጣበትን ነገር ያላወቀ ሰው ከቅጣቱ አይማርም፣ ይናደዳል እንጂ። ቢያንስ ቀኑ፣ ድርጊቱና የተጣሰው ደንብ ሊጻፍለት ይገባል። ይግባኙን ደግሞ ሰው ያንብበው።

"እንዲህ ከተለሳለስን ሁሉም ባግ ፍለጋ ይሰማራል" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ባግ አግኝቶ ደብቆ፣ ለወራት ወርቅ አባዝቶ፣ በብር የሚሸጥ ሰው አለ። እሱ ነጋዴ ነው። እሱን ለዘለዓለም አግዱት፣ ቅር አይለኝም። ያን ከባድ በትር ለእሱ ካስቀመጥነው ትርጉም ይኖረዋል። ዋጋው የተሳሳተ ጎራዴ ሁለት ጊዜ በገዛ ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን የሚቀረው ፍርሃት ብቻ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ የሚያመጣውን እዩ። ባግ ያየ ተጫዋች "ብናገር እኔንም ያግዱኛል" ብሎ ዝም ይላል። ባጉም ዕድሜው ይረዝማል።

የአይስላንዱ የጌም ኩባንያ ሲሲፒ ኢቭ ኦንላይን በተባለው ጌሙ ላይ የዘረጋው አሠራር እዚህ ጋ ይነሳል። ከባድ ባግ ለጠቆመ ተጫዋች ፕሌክስ የተባለውን የጌሙን ውድ ዕቃ ይሸልማል። ፕሌክስ ያለው ሰው ወይ የአባልነት ክፍያውን ይሸፍንበታል፣ ወይ በጌሙ ገበያ ይሸጠዋል። ጠቋሚ ይጠቀማል ማለት ነው። ብዙዎቹ ሌሎች ኩባንያዎች ይህን ያህል ያልሄዱበት ምክንያት አይገባኝም። ፈታሽ ቀጥሮ ደመወዝ ከመክፈል ይረክሳል።

የኩባንያውም ድርሻ ይቆጠር። የካውንተር ስትራይኩ ባግ ለዓመታት ሳይደፈን የቆየው በአሠልጣኞች ጥፋት አይደለም። ጌሙ የቫልቭ ነው። ቫልቭ ግን በጃንዋሪ 2021 አሠልጣኞቹን እንደ ድርጊታቸው ብዛት ከትልልቆቹ ውድድሮች ሲያግድ፣ በራሱ ላይ የወሰነው ቅጣት አልነበረም። ተጫዋች ሲቀጣ ስሙና የወሩ ብዛት ይወጣል። ከዚሁ ገጽ ላይ ኩባንያው ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ባጉን መጀመሪያ ማን ነገረን፣ መቼ ነገረን፣ እስክንደፍነው ስንት ቀን ፈጀብን። ሦስተኛው ቁጥር በረዘመ ቁጥር የተጫዋቹ እገዳ ይጠር።